ልጁ ከእኛ ጋር ይተኛል፤ ሞግዚቷስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ቤት ኪራይ አዋጁ ከጻፍኩ ወዲህ ደብዳቤ ጎርፎልኛል። የሚገርመው አብዛኛው ስለ ኪራይ ዋጋ አይደለም፣ ስለ ልጅ ነው። "መውለድ እንፈልጋለን፣ ግን የት እናስተኛዋለን?" የሚል ነገር በየደብዳቤው ውስጥ አለ። ዛሬ አራቱን መርጬ እመልሳለሁ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፣ ስማችሁንም አስቀርቻለሁ።

ጥያቄ፦ 34 ዓመቴ ነው፣ ባለቤቴ 38። ሰሚት ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ተከራይተን ነው የምንኖረው። የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ሁለታችንም እንሠራለን። እኔ ሁለተኛ ልጅ በጣም እፈልጋለሁ፤ ባለቤቴ ግን "ባለ ሁለት መኝታ ሳንገባ አይታሰብም" ብሎ ድርቅ ብሏል። ልጃችን ከእኛ ጋር ትተኛለች፣ ሠራተኛችን ሳሎን ፍራሽ አንጥፋ ነው የምታድረው። እዚሁ ሰፈር ባለ ሁለት መኝታ ስናፈላልግ ደላላው የሚጠራው ዋጋ የአንዳችንን ደሞዝ ጥርግ አድርጎ ይወስዳል። እናቴ ደግሞ "ልጅ በዕድሉ ያድጋል፣ ምን አስጨነቃችሁ" ትለኛለች። ማን ነው ልክ? (ከሰሚት)

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ግን የሚያወሩት ስለ ተለያየ ቤት ነው።

እናትሽ ልጅ ያሳደጉት ምናልባት በአንዲት የቀበሌ ቤት ይሆናል። ስድስት ሰባት ሆናችሁ በአንድ ክፍል፣ ቆጥ ተሠርቶ፣ በመጋረጃ ተከፍሎ። ያኔ እውነትም ልጅ በዕድሉ ያድግ ነበር። ግን ቤቱ የሚያገለግለው ለማታ ብቻ ነበር። ቀን ቀን ልጁ ግቢ ውስጥ ነው፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር ሲያቦካ ይውላል፣ ሲርበው ቀድሞ ያገኘው በር ያበላዋል፣ ሲያጠፋም ያየው ትልቅ ሰው ይቆጣዋል። የምታሳድገው ሰፈሯ ነበረች እንጂ ክፍሏ አልነበረችም።

አንቺ ግን ኮንዶሚኒየም ላይ ነሽ። ጎረቤትሽ ጠዋት ቆልፎ ይወጣል፣ ማታ ይገባል። ልጅሽን ብቻዋን ወደ ታች ልቀቂያት ብልሽ ትስቂብኛለሽ። ስለዚህ ልጅቷ ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ናት፣ ከአንድ ሰው ጋር። ያ ሰው ደግሞ ማደሪያ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ ደብዳቤ አንብቤ የደረስኩበት ነገር ይሄ ነው። ሕፃን ራሱ ቦታ አይፈጅም። የመጀመሪያውን ዓመት ከጎንሽ ነው የሚተኛው። ቦታ የሚፈልገው ልጁን የሚያሳድግልሽ ሰው ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጥሻል፤ ለአባትየው ሦስት ቀን። ከዚያ በኋላ ሥራ ትገቢያለሽ፣ የሦስትና የአራት ወር ልጅ ለሌላ ሰው ትተሽ። እስቲ ያን ጊዜ ማን ማን ቤት ውስጥ እንደሚያድር ቁጠሪ። አንቺ፣ ባለቤትሽ፣ ትልቋ፣ አራስ ልጅ፣ ሠራተኛዋ፣ ልታርስሽ የመጡት እናትሽ። ስድስት ሰው፣ ከ30 ካሬ ብዙም በማይበልጥ ቤት። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ መታጠቢያ ቤቱን ግማሽ የሚይዘውን በርሜል፣ በረንዳውን የሞላውን ጀሪካን ሳልጨምር ነው። ባልሽን ያስፈራው ይሄ ነው። ልጅ ስለማይወድ አይመስለኝም።

ደግሞ ብቻችሁን አይደላችሁም። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት አንዲት ሴት በዕድሜ ዘመኗ በአማካይ የምትወልደው ልጅ አገር አቀፉ 4.6 ሲሆን የአዲስ አበባ 1.8 ነበር። በ1997ቱ ጥናት እንዲያውም የከተማዋ 1.4 ድረስ ወርዶ ነበር። ሕዝብ ራሱን ለመተካት 2.1 ገደማ ያስፈልገዋል። ሁሉም የቤት ጣጣ ነው አልልም፤ ዘግይቶ ማግባት አለ፣ ሥራ ማጣት አለ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ። ግን ዘግይተው የሚያገቡት ራሱ አብዛኞቹ "ቤት ሳይኖረኝ እንዴት" እያሉ ነው። ጎጆ መውጣት ያለ ጎጆ አይሆንማ።

ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታው የት ሄደ ካልሽኝ፣ መጀመሪያውኑ ጥቂት ነው የተሠራው። በ1990ዎቹ ገርጂ ላይ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው ታስቦ ነበር፣ ስለዚህ ስቱዲዮና ባለ አንድ መኝታው በዛ። 10/90 የሚባለው፣ አሥር በመቶውን ቆጥበሽ ቀሪው በብድር የሚሸፈነው፣ ደግሞ ጭራሽ አንድ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው የሪል እስቴት ቤት ነው፣ ሰፊ ነው፣ ግን ዋጋው ደሞዝተኛ የሚቀርበው አይደለም። መሀሉ ባዶ ነው። ያለችውን ባለ ሦስት መኝታ ደግሞ ማን ይከራያታል? ሦስት ላጤዎች ተሰባስበው፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ክፍል ይዘው። ላጤዎቹን አልፈርድባቸውም፣ እነሱም ማደሪያ አጥተው ነው። ግን አንድ ቤተሰብ በሁለት ደሞዝ፣ ያውም ከልጅ ወጪ ጋር፣ ከሦስት ደሞዝ ጋር መጫረት አይችልም።

አሁን ወደ አንቺ ቤት። ባለቤትሽ "ባለ ሁለት መኝታ ሳንገባ" ሲል መቼ እንደሆነ ጠይቂው። ቀን ከሌለው ዕቅድ አይደለም፣ ማራዘም ነው። አንቺ ደግሞ 34 ነሽ፣ ማራዘሙ በአንቺ ላይ ነው የሚቆጠረው። አብራችሁ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡና ለሃያ ዓመት የሚሆን ቤት ሳይሆን የመጀመሪያውን አንድ ዓመት ተኩል አስቡ። ጭንቁ ያለው እዚያ ነው። ልጅ ተወልዶ ዓመት ሲሞላው ትልቋ ስድስት ትሆናለች፣ ሙሉ ቀን ትምህርት ቤት ናት።

ሳሎናችሁን ደግሞ እይው። ኤል ሼፕ ሶፋና ቡፌ ካለ ግማሹን ሳሎን ይዟል፣ በዓመት ስንቴ ለሚመጣ እንግዳ? ሽጡት። እኔ የማውቃቸው ወላጆች መኝታ ክፍሉን ለልጆቹና ለሠራተኛዋ ሰጥተው፣ ተደራራቢ አልጋ አስገብተው፣ እነሱ ሳሎን ሶፋ አልጋ ላይ ያድራሉ። ቀላል አይደለም፣ ባልና ሚስት የራሳቸው በር ያስፈልጋቸዋል። ግን ትልቋ የራሷ አልጋ አገኘች፣ ሠራተኛዋም መሬት ላይ መተኛቷ ቀረ። በአግሮስቶን ወይም በጂፕሰም ሳሎኑን መክፈልም ይቻላል፣ አከራዩ በጽሑፍ ከፈቀደ፣ መስኮት የሌለው ጉድጓድ እስካልሆነ ድረስ። አንድ ነገር ግን አደራ፣ ማንንም ሰው ኩሽና ውስጥ እንዳታስተኙ። ከሰል የነደደበት ዝግ ክፍል ውስጥ ተኝቶ የቀረ ብዙ ነው።

"ወደ ዳር ውጡ" የሚልሽም ይኖራል። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ በዚያው ብር ሰፋ ያለ ታገኙ ይሆናል። እኔ ግን የአንዳችሁ ሥራ በዚያ በኩል ካልሆነ አልመክርም። የታክሲ ሰልፉና መንገዱ ጠዋትና ማታ የሚወስደው ሰዓት ሞግዚቷ ላይ ነው የሚጨመረው። ክፍል ጨምረሽ ሰዓት ታጫለሽ። ከሄዳችሁም ቅድሚያ ክፍያው ከሁለት ወር ኪራይ እንደማይበልጥ የቤት ኪራይ አዋጁ ስለሚል፣ የስድስት ወር አምጡ ለሚል አትንበርከኩ።

ሌላም አለ፣ ይሄንን ብዙ ሰው አይሞክረውም። ብሎካችሁ ላይ እንዳንቺ ትንሽ ልጅ ያላቸው እናቶች አይጠፉም። የጋራ መገልገያ ቤቱ፣ ኮሚናል የምትሉት፣ ባዶውን ነው ወይስ ለሱቅ ተከራይቷል? ማኅበሩን ጠይቁ። አራት አምስት እናት ሆናችሁ ሁለት የምታምኗቸውን ሴቶች ቀጥራችሁ ልጆቹ ቀን ቀን እዚያ ቢውሉ፣ ሠራተኛ ቤትሽ ማደር አያስፈልጋትም። አንድ ሰው ከቤት ወጣ ማለት ለሕፃኑ ቦታ ተገኘ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም የተመዘገብኩት በ2005 ዓ.ም. ነው፣ 20/80፣ ባለ ሁለት መኝታ። በወር 561 ብር ነበር የምቆጥበው። ያኔ 26 ዓመቴ ነበር፣ አሁን 39 ነኝ። እጮኛዬ 33 ናት። "ዕጣ ይውጣልንና እንጋባለን፣ ከዚያ ልጅ እንወልዳለን" ተባብለን አራት ዓመት አለፈ። አሁን እሷ እየሰለቻት ነው። ትንሽ እንታገሥ ወይስ? (ከመርካቶ)

መልስ፦ አትታገሡ።

ወንድሜ፣ ያኔ ከአንተ ጋር ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ነው የተመዘገበው። ከአንተ በፊት በ1997 የተመዘገቡ ከ450 ሺህ በላይ ሰዎችም ነበሩ፣ ከእነሱ ውስጥ ቤቱ ሳይደርሳቸው ልጆቻቸው አድገው ዩኒቨርሲቲ የገቡባቸው አሉ። በሐምሌ 2014 የወጣው ዕጣ ደግሞ ተጭበርብሯል ተብሎ ተሰርዞ በኅዳር 2015 እንደገና መውጣቱን አትረሳውም። ይሄን የምልህ ተስፋህን ላስቆርጥህ አይደለም፣ ቁጠባህንም እንዳታቋርጥ። ግን ዕጣ ቀን የለውም። የሴት ልጅ ማህፀን ግን ቀን አለው፣ የአንተም ዕድሜ እንደዚያው።

መንግሥት ሰውን ለቤት መመዝገቡ ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ ሳያስበው አንድ ትውልድ ሕይወቱን በይደር እንዲያስቀምጥ አድርጓል ብዬ አምናለሁ። ሰው ቤት መጠበቅ ብቻ አይደለም የያዘው፣ ትዳሩን ጠበቀ፣ ልጁን ጠበቀ። አንተ 26 ሆነህ የመረጥከው ባለ ሁለት መኝታ ለሚመጡት ልጆችህ ነበር። ልጆቹን ለቤቱ ስትል ማስቀረት ነገሩን መገልበጥ ነው።

በስቱዲዮም ቢሆን ተጋቡ። የሁለት ሰው ኪራይ ወደ አንድ ሲመጣ የሚተርፈው ብር ራሱ ለነገው ክፍል ይሆናል። ሠርጉን አሳንሱት። ያንን በደንብ አሳንሱት እላለሁ፤ በአንድ ቀን ድግስ የሚወጣው ገንዘብ በስቱዲዮና በባለ አንድ መኝታ መካከል ያለውን የኪራይ ልዩነት ለረጅም ጊዜ ይሸፍናል። ስትከራዩም ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ። አዋጅ 1320/2016 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት ያነሰ እንዳይሆን ይላል፣ አከራዩም በየወሩ እየተነሳ መጨመር አይችልም። ሁለት ዓመት ማለት አርግዞ፣ ወልዶ፣ ጡት እስከ ማስጣል ሊያደርስ የሚችል ጊዜ ነው። ውሉን ስትፈርም ግን "ከሁለት ሰው በላይ አይኖርበትም" የሚል ዓረፍተ ነገር ተሰንቅሮ እንደሆነ አንብብ። ካለ ይውጣ በል።

ጥያቄ፦ ይህን በልጅ ልጄ እጅ ነው ያስጻፍኩት። ልጄ አዲስ አበባ ነው፣ ካገባ ስድስት ዓመቱ፣ አንድ ወንድ ልጅ አለው። "ድገሙ፣ አንድ ልጅ ብቻውን አይሆንም" ስላቸው ዝም ይሉኛል። ለክርስትናው በግ አሳድጋለሁ እያልኩ እየጠበቅሁ ነው። ምራቴ ትሆን ወይ እምቢ ያለችው? ልጠይቃቸው ስሄድም ሦስት ቀን ሳልቆይ ልጄ "እማ፣ መመለሻሽ መቼ ነው?" ይለኛል። አዝኛለሁ። (ከደሴ)

መልስ፦ እናቴ፣ ሐዘንዎ ገብቶኛል። ግን ምራትዎን ለጊዜው ይተዉአት፣ እርስዎ ሲሄዱ የሚተኙበት አልጋ የማን እንደሆነ ያስቡ። የልጅዎና የምራትዎ ነው። እነሱ በዚያ ሰሞን ሳሎን መሬት ላይ ነው የሚያድሩት፣ በነጋታው ሥራ አላቸው። አፍ አውጥቶ "እማ ቦታ የለኝም" ማለት ለወንድ ልጅ ሞት ነው፣ በተለይ ለእናቱ። ስለዚህ "መቼ ነው መመለሻሽ" አለ። አባባሉ ጥሩ አይደለም፣ ግን ጠልቶዎት አይመስለኝም።

ሁለተኛ ልጅ ለምን እንደማይወልዱም መልሱ እዚያው ቤት ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ሲወለድ ማን ሊያርሳት ይመጣል? እርስዎ ወይም እናቷ። የት ይተኛሉ? ይህን ጥያቄ እነሱ ሌሊት ሌሊት እየተነጋገሩበት ሊሆን ይችላል፣ ለእርስዎ ግን አይነግሩዎትም።

ስለዚህ "ድገሙ" ማለቱን ለጊዜው ይተዉትና እንዲህ ይበሏቸው። "ስትወልዱ ሁለት ወር መጥቼ እቀመጣለሁ፣ ሁለት ወር ሲሞላ እመለሳለሁ። ሳሎን መተኛት አይከፋኝም። ለክርስትናው ድግስ ያሰብኩትን ገንዘብ ለኪራይ ጨምሩበትና አንድ ክፍል የሚበልጥ ቤት ያዙ።" በጉን ይሽጡት አላልኩም፣ ድግሱ ግን የቤተሰቡ ብቻ ይሁን። ካህኑ ልጁን ያጠምቁታል፣ ድንኳን ባይተከልም ጥምቀቱ አይጎድልበትም። የሚመጣው መንደርተኛ አንድ ቀን በልቶ ይሄዳል፤ ያቺ ክፍል ግን ለሕፃኑ ዓመት ትቆየዋለች።

"ትልቁን ልጅ ወደ እኔ ይላኩት፣ እኔ ጋ ይደግ" የሚል ሐሳብም መጥቶልዎት ይሆናል። ድሮም አያት ነበረች የምታሳድገው። ለክረምት በጣም ጥሩ ነው፤ ልጁ ግቢ ያያል፣ ይሮጣል፣ እነሱም ይተነፍሳሉ። ለዓመት ግን አይሁን። ታናሽ ሲወለድ ከቤት የተላከ ልጅ ምክንያቱን ራሱ ነው የሚፈጥረው።

ጥያቄ፦ ጎፋ አካባቢ ግቢዬ ውስጥ አራት ሰርቪስ ክፍሎች አሉኝ፣ በእነሱ ኪራይ ነው የምተዳደረው። ባለቤቴ አርፈዋል፣ እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጅ ላለው ሰው አላከራይም። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፣ ሽንት ቤቱ ቶሎ ይሞላል፣ ማስመጠጫው ውድ ነው፣ ጩኸትም አልችልም። በቅርቡ አንዷ ተከራዬ ማርገዟን ሳይ እንድትወጣ ነገርኳት፤ አለቀሰች። አምስት ወር አልሞላትም ከገባች። ጥፋተኛ ነኝ? (ከጎፋ)

መልስ፦ በእርግዝናዋ ምክንያት እንድትወጣ መንገርዎ ልክ አልነበረም። ከገባች አምስት ወር ሳይሞላት ማስወጣትም አይችሉም፣ የሁለት ዓመቱ ውል እርስዎንም ይመለከታል። ስለ ሕጉ ከዚህ በላይ አልልዎትም፣ ምክንያቱም ደብዳቤ የጻፉልኝ ሕግ ለመጠየቅ አይመስለኝም። ዕንባዋ ነው ያልለቀቀዎት።

ችግርዎ እውነተኛ ነው፣ አላቃልለውም። አራት ቤተሰብ በአንድ ሽንት ቤትና በሁለት ቀን ውሃ ማኖር ከባድ ነው። ግን ይሄ የልጅ ጥፋት አይደለም፣ የውሃና የፍሳሽ ጉዳይ ነው፣ በብርና በስምምነት የሚፈታ። በሰው ልክ ሒሳብ ይሥሩ። ሽንት ቤት ሲመጠጥ ወጪው በነፍስ ወከፍ ይከፋፈል፣ ሕፃን ግማሽ ይቆጠር። የውሃ ቀን አንድ ሮቶ ሞልቶ እያንዳንዱ ክፍል ስንት ጀሪካን እንደሚደርሰው ይወሰን፣ ሕፃን ያለበት ክፍል ለጨርቅ ማጠቢያ ሁለት ይጨመርለት። ይህ ሁሉ ውሉ ላይ ይጻፍ። ተከራይ የሚያኮርፈው ያልተጻፈ ነገር በየወሩ እየተነሳ ሲጠየቅ ነው።

ስለ ጩኸት ደግሞ፣ ሕፃን ይጮኻል፣ ይሄን አልደብቅዎትም። የላጤም ሙዚቃ ግን ሌሊት ይጮኻል፣ ላጤ በየጊዜው ይቀያየራል፣ በተቀያየረ ቁጥር ቀለም ይቀባሉ፣ ለደላላ ይከፍላሉ፣ አንድ ወር ክፍሉ ባዶ ይከርማል። ልጅ ያላት ሴት ቤት ካገኘች አትነቃነቅም። በሕመምዎ ቀን በር የሚያንኳኳልዎትም እንዲህ ያለው ሰው ነው፣ ብቻዎን ስለሚኖሩ ይህንንም ያስቡበት።

ልጅቷ እስካሁን ካልወጣች ዛሬ ማታ ይጥሯትና እንድትቆይ ይንገሯት። ወጥታም ከሆነ ስልኳ አይጠፋም፣ ይደውሉላት። ክፍሉ ባዶ ከሆነ በድሮው ኪራይ ይመልሷት፣ በመሀል ላይ እንዳይጨምሩባት። በሩ ሥር ብርድ የሚያስገባ ክፍተት ካለም ከመውለዷ በፊት ያስደፍኑላት።